የተሞረደ ጠርዝ

ሰኞ ጠዋት ለልጅ ልጄ ለሹር ኮፍያውን በግድ እያጠለቅኩለት ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አለቃ ጉንቮር፣ ሱላ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ሰው ሞቶ ተገኝቷል» አለኝ ረዳቴ ዮስታይን። «ሄሊኮፕተር የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ነው። ሰው የገደለው ይመስላል።»

«መንገዱ ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

«እሺ እማዬ» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። ፖሊስነት ዕድሜዬን በላው እንጂ ከፍርሃት አላዳነኝም። ልጄ ቶራ ባሕር መሃል ካለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ ነው የምትሠራው። ሁለት ሳምንት እዚያ ትቆይና በሄሊኮፕተር ትመለሳለች፤ እስክትመለስ ሹር እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ትመጣለች። እኛ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጄረን ያለን ሰዎች ነፋስ በተነሳ ቁጥር ቀና ብለን ሰማዩን እናያለን፤ የሁላችንም ሰው እዚያ ላይ ነዋ። ስለዚህ ዮስታይን የጥገናውን ግቢ ሲጠራ መጀመሪያ የታሰበኝ ሟቹ ሳይሆን ልጄ ናት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሟቹ አይቪን ስክሬቲንግ ይባላል፤ የደንበኞች ክፍል ኃላፊ ነበር። የሄሊኮፕተር ኩባንያዎች የተበላሸባቸውን እቃ ይልኩለታል፤ እሱ ከመደርደሪያው ደህናውን ይሰጣቸውና የተበላሸውን አስጠግኖ ለሚቀጥለው ደንበኛ ያስቀምጣል። ሊጠገን የማይችለው ላይ ቀይ ካርድ ይታሰርበታል። ከዚያ በሽቦ በታጠረች ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት እስኪቆራረጥ ይጠብቃል። አይቪን ሞቶ የተገኘው እዚያች የሽቦ ክፍል ውስጥ ነው።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የሞተው» አለ ሐኪሙ። «ደረቱ በልዟል። በሁለት እጅ ተገፍቶ ወደ ኋላ ሲወድቅ ይሄ የብረት ማቆሚያ ጭንቅላቱን አግኝቶታል። አልተሰቃየም።»

አተኛኘቱ ግን የወደቀ ሰው አይመስልም። እግሩ ተስተካክሏል፣ እጆቹ ሆዱ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጭንቅላቱ ሥር ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ተነጥፏል። ልክ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ከጎኑ ደግሞ አፉ የታሰረ ትንሽ ላስቲክ አለ፤ ውስጡ የመነጽሩ ክፈፍና የመስታወቱ ስብርባሪ። ወለሉ ላይ አንዲት ስባሪ አልነበረችም።

«ገዳዩ ማስረጃ ሲያጸዳ ነበር» አለ ዮስታይን።

«ማስረጃ የሚያጸዳ ሰው ማስረጃውን በላስቲክ ቋጥሮ ሬሳው ጎን ትቶልህ ይሄዳል?»

ዮስታይን ጆሮውን አከከ።

ከሟቹ ራስጌ ጠረጴዛው ላይ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ አለ፤ አፉ ባዶውን ተከፍቷል። ከጎኑ ገመዱ የተቆረጠ ቀይ ካርድ። ከጠረጴዛው ሥር ባለው የቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንድ ግማሽ ዘንግ፤ የተቆረጠበት ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ። ሌላው ግማሽ የለም። የአይቪን እጅጌ ላይ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ነበር። ከኪሱ ያወጣነው ደግሞ አንድ በእጅ የተሰፋ ሰማያዊ የሱፍ ከረጢት ነው፤ ባዶ።

አስከሬኑን ያገኘችው አብራው የምትሠራው ሲልዬ ናት። ወጣት ናት፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ካፖርቴን አውልቄ ደረብኩላት።

«ዓርብ ማን ነው የመጣበት?» አልኳት።

«ሩአር የሚባለው ደንበኛ። ካምቢዮ ዘግይቶበት ‹ሄሊኮፕተሬ መሬት ላይ ተቀምጣ እኔ አንተን ላስታምም?› እያለ ሲጮህ ነበር። ከዚያ በሩን ዘጉት። አይቪን ሲወጣ ግን…» ካፖርቴን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ምን?»

«ፈገግ ብሎ ነበር። አይቪን ደግሞ ፈገግ አይልም፣ ያውቁታል?»

አላውቀውም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ፕሬበን ቢሮው ውስጥ አስገብቶ በሩን ሁለቴ ቆለፈው። ደረቱ ላይ የተሰካችው የኩባንያው ምልክት ከእሱ የበለጠ ያበራል።

«የምነግርዎት እዚህ ይቅር» አለኝ። «አይቪን ሟች እቃ ይሸጥ ነበር ብዬ እፈራለሁ።»

«ሟች እቃ ምንድን ነው?»

«ቀይ ካርድ የታሰረበት። ያ እቃ መቆራረጥ አለበት። ካልተቆራረጠ ግን ሌባ ቀለም ቀብቶ አዲስ ነው ብሎ ይሸጠዋል፤ የሆነ አገር የሆነ ሄሊኮፕተር ላይ ይገጠማል። ለዚህ ነው ሲቆረጥ ሁለት ሰው መኖር ያለበት፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያያል። አይቪን ብቻውን ነበር። እሱ ራሱ ያወጣውን ደንብ ጥሶ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ። እቃውም ጠፍቷል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ቶራ ሐሙስ የምትሳፈርባት ሄሊኮፕተር ውስጥ ምን ተገጥሞ ይሆን?

«የጠፋው ምንድን ነው?» አልኩት።

«የማንሻ ዘንግ። አብራሪው በግራ እጁ ይዞ ሄሊኮፕተሯን ወደ ላይ የሚያነሳበት። የጠፋው የእጀታው በኩል ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንበኞቼ ይህን ከሰሙ አንድ እቃ የሚልክልኝ አይኖርም። ጥፋቱ የአንድ ሰው መሆኑ ቶሎ ቢታወቅ ለሁላችንም ይሻላል።»

«ለሁላችሁ» አልኩት፤ «ከሟቹ በስተቀር።»

የአይቪን ሚስት በርግልዮት የመዘምራን ካፖርቷን እንደለበሰች ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ዓርብ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ሃውገሱን ከተማ ሄዳ እሁድ ማታ ነው የተመለሰችው። ቤቱን ባዶ ስታገኘው፣ ስልክ ወደማይሠራበት የጎጆ ቤታቸው ሄዶ ነው ብላ ተኛች።

«እኔ ቆሜ ስዘምር እሱ ወለል ላይ ተኝቶ ነበር» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሌባ ነው እያሉት ነው፣ አይደል? ሲልዬ ደውላ ነግራኛለች።»

«ገና ምንም አልታወቀም።»

«ስሚኝ ጉንቮር። የጎረቤት ፖም አጥር አልፎ እኛ ግቢ ሲወድቅ በእጁ ይዞ የሚመልስ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ አበሳጭቶኛል፤ ‹ለፖም ብለህ በዝናብ ትወጣለህ?› እለዋለሁ። ‹የኛ አይደለም› ይለኛል። ይሄን ሰው ሌባ እየተባለ አልቀብረውም። ስሙ እስኪነጻ ድረስ አልቀብረውም!»

የሰማያዊውን ከረጢት ፎቶ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከአሮጌ ሻርፔ ነው የሰፋሁት። ባለፈው ሳምንት ‹ለስለስ ያለ ከረጢት ስፊልኝ› አለኝ። ርዝመቱን በእጁ ለካልኝ። ‹ለምንድን ነው?› ስለው ‹እሁድ ታውቂያለሽ› አለ። እሱ እንዲህ ነው፤ ነገር ካላለቀ አይናገርም። አንዴ መኪና ገዝቶ በር ላይ እስኪያቆማት አልነገረኝም።»

ስንወጣ ዮስታይን እጁን አሸ። «እሁድ እቃውን ለገዢው ሊያስረክብ ነበር። ከረጢቱ መደበቂያ ነው። ገዢው በዋጋ አልስማማ ብሎ ገፈተረው። አለቀ!»

«ሚስቱን ከሻርፕ ከረጢት አሰፍቶ የሚሰርቅ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉንም እንደ ልጅ ነው የምታይው።»

ማንንም ሰው ሳይ እናቱ የት አለች እላለሁ፤ በሽታዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሹርን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ላወጣው ሄድኩ። ልጆቹ በረዶ ላይ ይንጫጫሉ። አንዲት ልጅ ብቻ የወርቅ ወረቀት ዘውድ ደፍታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ኢልቫ ናት። አባቷ ሲንድረ አብራሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ወድቃ ከነሰዎቹ አለቀች። ወፎች ሞተሯ ውስጥ ገብተው ነው ተብሎ ምርመራው ተዘጋ። ወፍ ላይ ማን ይፈርዳል? ልጅቷን አሁን እናቷና የአባቷ አባት ሆኮን ናቸው የሚያሳድጓት። ሆኮን እዚያው የጥገናው ግቢ መካኒክ ነው።

«አያቴ፣ ኢልቫ መሮጥ አትችልም» አለኝ ሹር። «እግሯ ውስጥ መስታወት ነበረ!»

ደሜ ፈላ። መምህሯን ይዤ «እዚህ ግቢ መስታወት አለ እንዴ? ልጆች ባዶ እግራቸውን አይደል ወለሉ ላይ የሚሮጡት?» አልኳት።

«ኧረ እዚህ አይደለም፣ ተረጋጊ! ቤቷ መግቢያ ላይ ነው ቅዳሜ የወጋት። ትናንት ልደቷ ነበር፤ ምስኪን፣ በአንድ እግሯ ነው የጨፈረችው።»

ለኢልቫ እንኳን አደረሰሽ አልኳት። የሹርን ጫማ አውልቄ እግሩን ሁለቴ አየሁ፤ ምንም የለም። እንደዚያም ሆኖ ቤት ስንገባ መግቢያውን ጠረግኩት።

ማክሰኞ ሩአርን አየር ማረፊያው አገኘነው። ትልቅ ሰውዬ፣ ትልቅ ድምፅ።

«አዎ ጮኼበታለሁ!» አለ። «ካምቢዮ ለረቡዕ ቃል ገብቶ ዓርብ ‹ገና እየተፈተሸ ነው› ይለኛል። ‹በቃ ስጠኝ› ስለው ‹ያላለቀ እቃ ከዚህ በር አይወጣም› ብሎ ዓይኔን አየኝ። ግትር! በሬ! ግን ልንገርሽ፣ እሱ የሰጠኝን እቃ ደግሜ ፈትሼው አላውቅም።»

«ዓርብ ከሰዓት በኋላስ የት ነበርክ?»

«ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ፣ አፌን ከፍቼ። ቀዳዳውን ላሳይሽ?»

«ይቅርብኝ። በሩን ዘግታችሁ ያወራችሁት ምንድን ነው?»

እንደ ጥሩንባ ይጮህ የነበረው ሰው ድምፁ ጠፋ። «ስለሚቆራረጥ እቃ ነው። የወደቀችው ሄሊኮፕተር የኛ ነበረች። መርማሪዎቹ ሲጨርሱ ስብርባሪዋን መለሱልን፤ እኛም እንዲያስወግድልን ለአይቪን ላክነው። ባለቤቱ እኛ ስለሆንን ከመቁረጡ በፊት ቃላችንን ይጠይቃል። ጠየቀኝ፣ ቁረጥ አልኩት። ሌላ የማውቀው የለም።»

ይህን ሲል ዓይኖቹ መስኮቱ ላይ ነበሩ። የጠፋው ዘንግ የሲንድረ ሄሊኮፕተር ዘንግ መሆኑ ነው።

ሆኮንን ሥራ ላይ አገኘነው። እንደ በር የሰፋ ሰው፣ አንገቱን ወደ ትከሻው የሰበሰበ። በዙሪያው ሦስት አራት መካኒኮች በየጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረዋል። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ ቅርጽ በተሳለበት ቦታ ተሰቅሏል፤ መፍቻው በመፍቻ ቅርጽ፣ ሞረዱ በሞረድ ቅርጽ። አንዱ ቢጎድል ባዶ ጥላው ይጮኻል።

«ዓርብ?» አለ ሆኮን። «ከሁሉም ጋር ወጣሁ። የኢልቫ ኬክ የሚጋገርበትን ቅርጽ ገዛሁ። ቤት ገባሁ።»

«ከአይቪን ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«አብረን ነው ያረጀነው።» መዳፉን በጨርቅ ጠረገ። «የልጄ ሄሊኮፕተር ስብርባሪ ሲመጣ እጀታዋን ስጠኝ አልኩት። እጁ መጨረሻ የነካው እሱን ነው። እዚሁ፣ እነዚህ ሁሉ እየሰሙ፣ ‹አይሆንም፤ የኛ አይደለም› አለኝ። ደንብ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይኸንኑ ነበር የምለው።»

«ተናደድክ?»

«ለልጅቷ ነበር የፈለግኩት» አለ።

ዮስታይን ማስታወሻውን ሊያወጣ ሲታገል የካፖርቱ ቁልፍ ተበጥሳ ወደቀች። ጠብ አለች፣ ተንከባለለች፣ ጠፋች።

ሁሉም መካኒክ የያዘውን አስቀመጠ። ማንም ማንንም ሳያዝ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ ሆኮንም ቃሉን ሳይጨርስ ወለሉ ላይ ወረደ።

«ኧረ ተዉት፣ ቁልፍ እኮ ናት!» አለ ዮስታይን።

«ለአንተ ቁልፍ ናት» አለ አንዱ ከጠረጴዛ ሥር። «ካምቢዮ ውስጥ ከገባች የሰው ሕይወት ናት። እግርህን አንሳ፣ ደግሞ ጫማህ እንደ ጀልባ ሰፊ ነው!»

«ሚስቱ ቁልፍ አትሰፋለትም እንዴ?» አለ ሌላው።

«ሚስት የለኝም!»

«ቁልፍህን አይተን ገምተናል።»

ሳቁ፤ ፍለጋውን ግን አላቋረጡም። ሆኮን አገኛትና ተነሣ። ቁልፏን ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ አፉን አስሮ፣ ለዮስታይን ሰጠው።

ላስቲኩን ከዮስታይን እጅ ወስጄ የታሰረ አፉን አየሁት።

ውጭ ስንወጣ ነፋሱ ካፖርቴን ያንገላታዋል። «መነጽሩን ያነሳው ማስረጃ ሊያጠፋ አይደለም» አልኩ። «እጁ ነው ያነሳው። እነዚህ ሰዎች ሰማይ ቢደፋባቸው ስባሪ ወለል ላይ ትተው አይሄዱም። ሩአር ቢሆን ረግጦት ይወጣ ነበር፤ ፕሬበንም እንደዚሁ።»

«ቤተ ሙከራው ደውሏል» አለ ዮስታይን። «መስታወቱን ገጣጥመውታል። አንዲት የገብስ ፍሬ የምታህል ጎድላለች።»

«ጫማው ሥር ተሰክታ ሄዳለች» አልኩ።

«የማን ጫማ?»

ኢልቫ በወርቅ ዘውዷ፣ በአንድ እግሯ ስትጨፍር ታየችኝ። እኔ ለሹር ብዬ ነበር መምህሯን የጠየቅኳት። እንዲህ ያለ ነገር ባልጠየቅኩ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ፖሊስ ሆኜ እንዲህ ተመኘሁ።

መኪናው ውስጥ ሆኜ ለሩአር ደወልኩ። «የደበቅከኝን ንገረኝ» አልኩት። «ሚስቱ ባሏን መቅበር አልቻለችም።» ከዚያ ነገረኝ። ስልኩን ዘግቼ ሰማያዊውን ከረጢት ከማስረጃ ክፍል አስወጣሁ፤ ሆኮን ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ቤቱ ደረስን።

የሆኮን ቤት መግቢያ ላይ ጫማችንን አወለቅን። የሆኮን ወፍራም የሥራ ጫማ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሶሉ በመፋቂያ ተፍቆ ነጥቷል። ከጎኑ የኢልቫ ትንንሽ ቦት ጫማዎች።

ኢልቫ ጠረጴዛ ላይ በቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦ ትበላለች። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች።

«እግርሽ ተሻለሽ ወይ የኔ ማር?» አልኳት።

«አያቴ በመርፌ አወጣልኝ። እኔ ትንሽ ነው ያለቀስኩት፤ እሱ ግን ብዙ አለቀሰ።» ጉዳዩ በጣም የገረማት ትመስላለች። «መስታወቷን አየኋት። በጣም ትንሽ ናት፤ ለሷ እንደዚያ ይለቀሳል?»

ሆኮን ምድጃው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ነበር። ዞር ሳይል «ኢልቫ፣ ለጎረቤታችን ለማግንሂልድ የተረፈውን ኬክ ውሰጂላት። እስክጠራሽ እዚያው ቆዪ» አላት።

«መሐረብሽን እሰሪ» አልኩ እኔ። «ነፋሱ ክፉ ነው።» አገጯ ሥር አሰርኩላት። ከመስኮቱ የጎረቤት በር እስኪከፈትላት አየኋት።

በሩ ሲዘጋ ሆኮን ተቀመጠ።

«ሁሉንም ያነሳሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ተንበርክኬ ስንት ጊዜ ፈለግኩ። አንዲት ጎደለች። አይቪን እዚያ ተኝቶ እኔ መስታወት እፈልጋለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ጫማዬን አላየሁም። ቤቴ ድረስ ይዣት መጣሁ፤ የማንንም እግር ሳይሆን የኢልቫን ወጋች።»

«ዓርብ ምን ሆነ?»

«ምሳ ዕቃዬን ረስቼ ተመለስኩ። የሽቦ ክፍሉ ክፍት ነው። ገባሁ። እጀታው ሞርሳ ላይ ታስሯል፣ ዘንጉ ለሁለት ተቆርጧል። አይቪን ጎንበስ ብሎ እየሠራበት ነው። ልጄን እየቆራረጠው መሰለኝ። ሌላ ነገር አልታየኝም ጉንቮር። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ቀና ብሎ ሲያየኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሆነ ነገር ሊለኝ።»

«ከዚያ እጀታውን ወሰድክ።»

«ለኢልቫ ልደት ልሰጣት አሰብኩ። ግን በምን እጄ ልስጣት? ከዚያ ቀን ወዲህ አውጥቼ አላየሁትም።»

ከመሳቢያ ውስጥ የሱፍ ካልሲ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዮስታይን ጓንት ሰጠኝ። እጀታውን አወጣሁት። ጥቁር ነው፤ ጣቶች የሚያርፉበት በኩል ተበልቶ አብረቅርቋል። ጠርዙ ላይ ጣቴን አዞርኩ። በሳጥኑ ውስጥ የቀረው ግማሽ እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ነበር። ይህኛው ግን ዙሪያውን እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ አንድ ቦታ ብቻ፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ቦታ፣ ገና ይቧጥጣል።

«ሆኮን፣ ይሄን ማን ሞረደው?»

«ምኑን?»

«ጠርዙን። ንካው።»

ነካው። አውራ ጣቱ በዝግታ ዞረ፣ ሻካራዋ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሟች እቃ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ ማንም ጠርዙን አይሞርድም። ይህን ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል።

«ሞረድ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «ወለሉ ላይ ሞረድ ወድቆ ነበር። እኔ ነኝ አንስቼ… ጠርጌ… ቦታው ላይ የሰቀልኩት። መጋዝ አልነበረም በእጁ። ሞረድ ነበር!»

የአይቪን እጅጌ ላይ የነበረው ብናኝ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሩአር የነገረኝን ነገርኩት፤ መንገር ነበረብኝ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው እኔ ብነግረው ይሻላል ብዬ። አይቪን ወር ሙሉ ሩአርን ሲለምነው ነበር። ዓርብ ዕለት ሩአር «ኩባንያዬ እንዳይሰማ፣ ወረቀት ላይ እንዳታሰፍረው፤ ዘንጉን ቁረጥና እጀታውን ለአባቱ ስጠው» አለው። አይቪን ፈገግ ብሎ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ብቻውን የቀረውም ለዚህ ነው። ዘንጉ ለማንም እንዳያገለግል በደንቡ መሠረት ቆረጠው፤ ከዚያ የሕፃን እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ይሞርድ ጀመር።

ሰማያዊውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እጀታውን አጠገቡ ሳደርገው ርዝመታቸው አንድ ነበር።

«በርግልዮት ናት የሰፋችው» አልኩት። «ለእሁድ።»

ሆኮን ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከታቸው።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ በመጨረሻ።

ዮስታይን ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ከመውጣታችን በፊት ሆኮን አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ኢልቫ እንዳታየው በጓሮ በር እንድንወጣ። በጓሮ በር ወጣን። ዮስታይን የሥራ ጫማህን ላምጣልህ ሲለው፣ «ያን አይደለም» ብሎ የጓሮ ቦት ጫማውን አጠለቀ። እናቷ እስክትመጣ እኔ ከልጅቷ ጋር ቆየሁ። አያቷ የት እንደሄደ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ስትጠይቀኝ እናቷ ገባች፤ ያን ወሬ ለእናቷ የነገርኩት መግቢያው ላይ፣ ጫማዎቹ መሃል ቆመን ነው።

ረቡዕ ፕሬበን ሠራተኞቹን ሰብስቦ አይቪን ሌባ እንዳልነበረ በራሱ አፍ እንዲናገር አደረግኩ። አንድም ሟች እቃ ሳይቆረጥ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም። ሲናገር ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ሲልዬ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሐሙስ ወደ በርግልዮት ሄድኩ። እጀታውን በላስቲክ እንደታሸገ ይዤላት ነበር፤ እንዲህ ማድረግ ባይፈቀድም። ጠርዙን በላስቲኩ ላይ ዳሰሰችው፤ ሻካራዋ ቦታ ጋ ስትደርስ ጣቷን አቆመች።

«እዚህ ጋ ሲደርስ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ነገ እቀብረዋለሁ።» ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሞኞች! አንዱ ‹ላመጣልህ ነው› ብሎ አይናገር፣ አንዱ ‹ምን እያደረግህ ነው?› ብሎ አይጠይቅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ውለው። አንድ ቃል ጉንቮር! አንድ ቃል ስንት ያወጣ ነበር?»

ውጭ ነፋሱ ቆሞ ነበር። እጀታውን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ እጄን ያዘችኝ።

«ይሄን ማስረጃ ነው ብላችሁ ትይዙታላችሁ፣ እሺ። ሲያልቅ የማን ይሆናል?»

«ሩአርን ጠይቄዋለሁ። የልጅቷ ነው ብሏል፤ አሁን በወረቀት።»

«እንግዲያው ከረጢቱን ዛሬ መልሺልኝ።»

ሰጠኋት። በእሱ የሚጣራ ነገር አልቀረም ነበር። የመርፌ ሳጥኗን አወጣች፣ ነጭ ክር መረጠች፣ መነጽሯን አደረገች።

«ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«ኢልቫ።»

ከባሕሩ በኩል የሄሊኮፕተር ድምፅ መጣ፤ ቶራ የምትመጣበት ሰዓት ነበር። ቤቱ ላይ እስክታልፍ ድረስ ሁለታችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ድምፁ ወደ ሱላ ርቆ ሲጠፋ በርግልዮት አቀርቅራ የመጀመሪያውን ፊደል መጥለፍ ጀመረች።